የአኳሪየም ጥያቄና መልስ፦ ኮራሉ መልሶ መላልሶ ሲታመም

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዳማ የተላኩ ናቸው። የአብዛኞቹ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው፤ ለጊዜው የዳነ የመሰለው ኮራል ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይታመማል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መድኃኒት ከመግዛት በፊት ሕመሙ የሚመለስበትን ቀንና ሰዓት በማስታወሻ ላይ መጻፍ ይሻላል። ውሃ በተቀየረ ማግስት ነው? መብራት በጠፋበት ሌሊት ነው? ወይስ ቤቱ ጸረ ትንኝ በተረጨበት ሳምንት? ከታች የምንሰጣቸው መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ ማስታወሻ የሚነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አኳሪየሜ 150 ሊትር ነው። በየሁለት ሳምንቱ 30 በመቶ ውሃ እቀይራለሁ። ከቀየርኩ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ አክሮፖራ የተባሉት ድንጋያማ ኮራሎቼ ከግርጌያቸው ጀምሮ ሥጋቸው ይላጥና ነጭ አጥንት ይቀራል። ሳልቀይር ስቆይ ደግሞ ዕድገታቸው ይቆማል። አሞኒያና ናይትሬት ለክቼ ችግር አላየሁም። የባሕር ውሃ የምሠራበት ጨው ተበላሽቶ ይሆን? (ከፍራንኮ አካባቢ)

መልስ፦ ጨዉን ከመክሰስዎ በፊት አልካሊኒቲውን፣ ማለትም በውሃው ውስጥ ያለውን የካርቦኔትና የባይካርቦኔት መጠን ይለኩ። በደብዳቤዎ ላይ የጎደለው ቁልፍ ቁጥር እሱ ነው።

ድንጋያማ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰደ ነው። ስለዚህ በሁለት ሳምንት ውስጥ አልካሊኒቲው ቀስ እያለ ይወርዳል። ከ8 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) ተነሥቶ 6.5 ደረሰ እንበል። ብዙ የኮራል ጨዎች ደግሞ ሲበጠበጡ 11 ወይም 12 ዲኬኤች ይሰጣሉ። 6.5 በሆነ ውሃ ላይ 12 የሆነ ውሃ በ30 በመቶ ሲጨመር ውጤቱ 8.15 ይሆናል። ኮራሉ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሲወርድ የለመደው ቁጥር በአንድ ሰዓት ውስጥ 1.6 ያህል ዘሎ ወጣ ማለት ነው። አክሮፖራ 7 ላይም 9 ላይም ይኖራል፤ የማይችለው መዋዠቁን ነው። ሳይቀይሩ ሲቆዩ ዕድገቱ የሚቆመውም ግንባታው የሚያስፈልገው ስለሚያልቅበት ነው። ሁለቱ ምልክቶችዎ የአንድ ችግር ሁለት ፊት ናቸው።

መፍትሔው የጎደለውን በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መተካት ነው። በመጀመሪያ ፍጆታውን ይወቁ። ምንም ሳይጨምሩና ውሃ ሳይቀይሩ ለሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ። ሰዓቱ ከተለዋወጠ ቁጥሩ አያስተማምንም። በሦስት ቀን 0.6 ከወረደ የቀን ፍጆታዎ 0.2 ዲኬኤች ነው።

ቀጥሎ እውነተኛውን የውሃ መጠን ያስቡ። 150 ሊትር የተባለው መስታወት ድንጋይና አሸዋ ሲገባበት 120 ሊትር ውሃ ቢይዝ ነው። 100 ሊትር ውሃን በ1 ዲኬኤች ከፍ ለማድረግ 3 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም ተራው ቤኪንግ ሶዳ ያስፈልጋል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታልና በዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብበው ይግዙ።

ሁለት ጠርሙስ ያዘጋጁ። በአንደኛው 60 ግራም ቤኪንግ ሶዳ፣ በሁለተኛው 52 ግራም ለምግብ የተፈቀደ ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት ያድርጉና እያንዳንዱን በንጹሕ ውሃ 1 ሊትር ይሙሉ። በዚህ ልክ ሲዘጋጁ ኮራሉ በሚወስደው ምጥጥን ስለሚመጣጠኑ ከሁለቱም እኩል ሚሊሊትር ይጨምራሉ። ለእርስዎ አኳሪየም በቀን 0.2 ዲኬኤች ማለት ከእያንዳንዱ 12 ሚሊሊትር ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳይጨምሩ፤ ውሃው ነጭ ጉም ለብሶ ሁለቱም ይባክናሉ። ሶዳውን ጠዋት፣ ካልሲየሙን ማታ፣ ፓምፑ ውሃውን በኃይል በሚገፋበት ቦታ ያፍስሱ። በሳምንት አንዴ እየለኩ መጠኑን ያስተካክሉ፤ ቁጥሩ ሲረጋ ኮራሉ ማደግ ስለሚጀምር ፍጆታውም ይጨምራል። ዒላማዎ ከ7.5 እስከ 8.5 ዲኬኤች፣ ካልሲየም 420፣ ማግኒዚየም 1,300 ሚሊግራም በሊትር አካባቢ ይሁን። ወደዚያ ሲያስጠጉ በቀን ከ0.5 ዲኬኤች በላይ አይውጡ።

ውሃ ሲቀይሩም 30 በመቶ በሁለት ሳምንት ከማለት 10 በመቶ በየሳምንቱ ያድርጉ። 8 ላይ ባለ ውሃ 12 የሆነ ጨው 10 በመቶ ቢገባበት የሚወጣው በ0.4 ብቻ ነው። የጨዉ ከረጢት በመንገድ ሲንገላታ ከባዱ ወደ ታች ስለሚሰፍር ከመለካትዎ በፊት ከረጢቱን አገላብጠው ያዋሕዱት።

የጨዋማነት መለኪያውን ሪፍራክቶሜትር በተጣራ ውሃ ብቻ ዜሮ አድርገው የሚጠቀሙ ከሆነ 35 ላይ፣ ማለትም በባሕር ውሃ ጨዋማነት ላይ ሊሳሳት ይችላል። 36.5 ግራም ደረቅ የገበታ ጨው በ963.5 ግራም ንጹሕ ውሃ ሲሟሟ መሣሪያው ላይ 35 ማንበብ አለበት፤ ካላነበበ ብሎኑን አዙረው ያስተካክሉ። የኛ ሻካራ ጨው እርጥበት ስለሚይዝ መጀመሪያ በምጣድ ላይ ያድርቁት፤ አለበለዚያ ከመዘኑት ላይ ከፊሉ ውሃ ይሆናል።

የተላጡትን ቅርንጫፎች በተመለከተ፣ መላጡ ካልቆመ ከነጩ መስመር በላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ጤነኛው ሥጋ ላይ ቆርጠው ጫፉን በወፍራም ሱፐር ግሉ አዲስ ድንጋይ ላይ ይለጥፉ። አልካሊኒቲው ረግቶ መላጡ ከቀጠለ ግን ግርጌውን በማጉያ መነጽር ይዩ። ክብ ክብ የንክሻ ምልክትና ቡናማ የእንቁላል ክምር ካለ አክሮፖራ የሚበላ ጠፍጣፋ ትል ነው። የማጠቢያ መድኃኒት ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ እንቁላሉን በስለት እየፋቁ ማጠቡን በየሳምንቱ ለስድስት ሳምንት ይደጋግሙ።

ጥያቄ፦ ውሃን በግፊት በስስ ገለፈት (ሜምብሬን) የሚያሳልፈው የአርኦ ማጣሪያዬ በቲዲኤስ (በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር) መለኪያ ዜሮ ያሳያል። አኳሪየሙ ግን በየጊዜው ቡናማ አቧራ የመሰለ ነገር ይለብሳል፤ ዞአንተስ የተባሉት ኮራሎቼም አይከፈቱም። ጠርጌ ሳጸዳ በሦስት ቀን ይመለሳል። ውሃው ከጣሪያ ሮቶ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ የጉድጓድ ውሃ በቦቴ አስሞላለሁ።

መልስ፦ የሚመለሰው ነገር ዳያቶም የተባለ ረቂቅ አልጌ ነው፤ ምግቡ ከድንጋይ ሟሙቶ የሚመጣው ሲሊካ ነው። ምንጩም ዜሮ ያሉት ውሃ ሳይሆን አይቀርም።

የቲዲኤስ መለኪያ የሚያነበው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውን ብቻ ነው። ሲሊካ በውሃ ውስጥ በጣም ደካማ አሲድ ስለሆነ እምብዛም አያሳልፍም። ከሜምብሬኑ ያመለጠውን የሚይዘው ዲአይ ሬዚን ሊያልቅ ሲል ከሁሉ በፊት የሚለቀውም እሱን ነው። ስለዚህ መለኪያው ዜሮ እያለ ሲሊካው ለሳምንታት ሊገባ ይችላል። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ በሲሊካና በሶዲየም ባይካርቦኔት የበለጸገ ነው። ሰዎች ስለ ወንጂ አካባቢ ውሃ ሲያነሡ ፍሎራይዱን ይጠቅሳሉ፤ ለጥርስና ለአጥንት ትክክል ነው። ለኮራል ግን ፍሎራይድ የመጀመሪያው ስጋት አይደለም፤ የባሕር ውሃ ራሱ በሊትር 1.3 ሚሊግራም ያህል አለው። ሬዚንዎን የሚጨርሱት ሲሊካውና ባይካርቦኔቱ ናቸው። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ የሚጣራ በመሆኑ ከጉድጓዱ ይሻላል። ጣጣው ክረምት ላይ ነው፤ ደለሉ ሲበዛ የመጀመሪያው ማጣሪያ ቶሎ ይደፈናል።

ሁለተኛው ጥርጣሬያችን ሮቶው ነው። የአርኦ ሜምብሬን በደንብ የሚሠራው ከ3.5 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ከማጣሪያው 6 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.6 ባር ብቻ ነው። በዚህ ግፊት ውሃው ይንጠባጠባል እንጂ በአግባቡ አይጣራም፤ የተረፈው ሁሉ ሬዚኑ ላይ ይወድቃል። ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቲዲኤሱን በሦስት ቦታ ይለኩ፦ ከማጣሪያው በፊት፣ ከሜምብሬኑ በኋላ፣ ከሬዚኑ በኋላ። መግቢያው 400 ሆኖ ከሜምብሬኑ በኋላ 8 ካነበበ 98 በመቶ አስቀርቷል፤ ጥሩ ነው። 40 ካነበበ 90 በመቶ ነውና ሬዚኑ አምስት እጥፍ ቶሎ ያልቃል።

ትንሽ የግፊት ፓምፕ ከሜምብሬኑ በፊት ያስገቡና በግፊት ማንበቢያ 4 ባር ላይ ያስተካክሉት። ካርቦን ማጣሪያውን ጊዜው ሳያልፍ ይቀይሩ፤ ክሎሪን ካመለጠው ሜምብሬኑን ይበላዋል። ማጣሪያውን በከፈቱ ቁጥር የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ሊትር ወደ ሬዚኑ ሳያሳልፉ ያፍስሱት፤ ሜምብሬኑ ቆሞ ባደረበት ጊዜ የጠጣው ጨው እዚያ ውስጥ ነው። ሬዚኑን በሁለት ዕቃ ከፍለው አንዱን ከሌላው በኋላ ያስቀምጡ። የሲሊካ መመርመሪያ ገዝተው በሁለቱ መሐል የሚወጣውን ውሃ ይፈትሹ። ሲሊካ መታየት ሲጀምር የመጀመሪያውን አውጥተው ሁለተኛውን ወደ ፊት ያምጡ፤ አዲሱን ከኋላ ያስገቡ። ይህን ካደረጉ በኋላ ቡናማው በጥቂት ሳምንት ይመነምናል። እስከዚያው መጥረጉን አያቋርጡ፤ ከዞአንተሶቹ ላይም በመርፌ ቱቦ ውሃ እየነፉ ያራግፉላቸው።

ጥያቄ፦ የአፍዴራን ጨው አጣርቼ የባሕር ውሃ መሥራት አልችልም? ከውጭ የሚመጣው ዋጋው አይቀመስም።

መልስ፦ አይችሉም። የገበታ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። በባሕር ውሃ ውስጥ ከዚያ በተጨማሪ ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት አለ፤ ያለ እነሱ ኮራሉ ቀናት አይቆይም። ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለጉ አኳሪየሙን ያሳንሱ፣ ዓሣ ይቀንሱ፣ ውሃ የሚቀይሩበትን መጠን ይቀንሱ። በጨዉ ላይ ግን አይቆጥቡ።

ጥያቄ፦ በመጋቢትና በሚያዝያ የአኳሪየሙ ሙቀት ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ ይደርሳል። ባለፈው ዓመትም ዘንድሮም በዚህ ወቅት ሞንቲፖራ የተባለው ኮራሌ ነጣ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው ያዛጋሉ። ማቀዝቀዣ መግዛት ግዴታ ነው?

መልስ፦ ግዴታ አይደለም። አዳማ ደረቅ ስለሆነች ማራገቢያ ብዙ ይሠራልዎታል።

ኮራል የሚነጣው በሥጋው ውስጥ የሚኖሩትን ቡናማ ረቂቅ አልጌዎች ሲያስወጣ ነው። በባሕር ውስጥ ውሃው ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ መንጣት ይጀምራል። ሙቀት ብቻውን ሳይሆን ሙቀትና ኃይለኛ ብርሃን ሲገናኙ ይብሳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የመብራቱን ሰዓት ያዙሩት፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በርቶ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ይጥፋ። ብርሃኑ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ ይመጣል፣ የመብራቱ የራሱ ሙቀትም በቀኑ ላይ አይደረብም።

ማራገቢያውን በውሃው ገጽ ላይ አግድም እንዲነፍስ ያድርጉ፤ የመስታወት ክዳን ካለ አንሥተው በመረብ ይተኩ። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ከ200 ሊትር ውሃ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ዋጋው ጨዋማነቱ መጨመሩ ነው። ከ200 ሊትር 4 ሊትር ተንኖ ካልተተካ 35 የነበረው 35.7 ይሆናል። ስለዚህ የተነነውን የሚተካ ተንሳፋፊ ያለው መሙያ ያስፈልግዎታል፤ የሚሞላውም ጨው አልባ የተጣራ ውሃ ይሁን። በረዶ በላስቲክ አድርጎ መክተት ግን ሙቀቱን ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው አንመክርም።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ። ብዙ የአኳሪየም መጽሐፍት የተጻፉት ባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው። በባሕር ጠለል 25 ዲግሪ ያለው ጨዋማ ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 5.5 አካባቢ ነው፤ ሙቀቱ 30 ሲደርስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መጠባበቂያው ከጅምሩ ጠባብ በመሆኑ ፓምፕ ሲቆም የመጀመሪያው ጉዳት ከኦክስጅን በኩል ይመጣል። ኮራሉ ሌሊት እንደ ዓሣው ስለሚተነፍስ የሌሊት መብራት መጥፋት ከቀኑ ይከፋል።

የ12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ 10 ዋት የሚወስድ ባለ 12 ቮልት የሞገድ ፓምፕ አራት ሰዓት ያህል ያንቀሳቅሳል። ፓምፑ ገጹን እንዲያናውጥ ወደ ላይ አዘንብለው ይግጠሙት። ማሞቂያውንም መብራቱንም ከባትሪው ጋር አያገናኙ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ዓሦቹን አይመግቡ። ዝግ የጣሳ ማጣሪያ ካለዎትና ፓምፑ ለብዙ ሰዓት ከቆመ ደግሞ ከማስነሣትዎ በፊት ውስጡ ያለውን ውሃ ይድፉ፤ ታፍኖ የዋለው ውሃ ኦክስጅን የለውም፣ ይሸታልም።

የነጣው ሞንቲፖራ ሥጋው ካለ አልሞተም፤ ቀጭን ብርሃን አሳላፊ ሽፋን በአጥንቱ ላይ ይታያል። የመብራቱን ኃይል በ40 በመቶ ቀንሰው፣ ቀለሙ መመለስ ሲጀምር በየሳምንቱ 5 በመቶ ይጨምሩ። ለማገገም ወራት ሊወስድ ይችላል። አረንጓዴ ጸጉር ከበቀለበት ክፍል ግን የሚመለስ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ለወባ መከላከያ ቤት በተረጨ ሳምንት ሽሪምፖቼ አለቁ፣ ኮራሎቹም ለሁለት ሳምንት አልተከፈቱም። ቡና ስናፈላም የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ይወርዳል። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ ሁለቱም አላቸው፤ መንገዳቸው አንድ ነው። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመርና የአየር ፓምፑ የክፍሉን አየር እየሳቡ ውሃው ውስጥ ይከታሉ። ፒሬትሮይድ የተባሉት የነፍሳት መድኃኒቶች ለሰው ብዙም አይከፉም፤ ለሽሪምፕ፣ ለሸርጣንና ለዓሣ ግን በጥቂቱም መርዝ ናቸው። የኮራሉ መዘጋት ከመድኃኒቱም ከሞቱት ሽሪምፖች መበስበስም ሊሆን ይችላል። ርጭቱ መቅረት የለበትም፤ ወባ ቀልድ አይደለም። ባለሙያዎቹ ሲመጡ አኳሪየሙ ያለበትን ግድግዳ አስቀድመው ይንገሯቸው። ስኪመሩንና የአየር ፓምፑን ያጥፉ፤ በውሃ ውስጥ ያለው የሞገድ ፓምፕ ይቀጥል። መስታወቱንና ሳምፑን (የማጣሪያውን ገንዳ) በላስቲክ ይሸፍኑ፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ አይክፈቱ። ከዚያ አዲስ አክቲቭ ካርቦን አስገብተው በሁለተኛው ቀን ይቀይሩት። በእጅ የሚነፋውን ፍሊትም በዚያ ክፍል አይጠቀሙ፤ ክንድዎ ላይ የተቀባ የትንኝ ቅባት ካለ ታጥበው ነው እጅዎን የሚከቱት።

ፒኤቹን የሚያወርደው የከሰሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሰው የሞላበት የተዘጋ ክፍልም ይጨምርበታል። ለማረጋገጥ ከአኳሪየሙ አንድ ብርጭቆ ውሃ ወስደው ደጅ ላይ በአየር ድንጋይ ለአንድ ሰዓት ያናፍሱት። ፒኤቹ ከፍ ካለ ጥፋተኛው የቤቱ አየር ነው። የስኪመሩን የአየር ቱቦ በመስኮት አውጥተው የደጁን አየር እንዲስብ ያድርጉ፤ የጎረቤት ማድ ቤት ባለበት በኩል ግን አይሁን። ፒኤች ለማሳደግ የሚሸጠውን ዱቄት መጨመር አያስፈልግም፤ አልካሊኒቲውን ያበላሽብዎታል።

ጥያቄ፦ አልጌ ለማጥፋት የፎስፌት ማስወገጃ አስገባሁ። አልጌው ጠፋ፤ ኮራሎቹ ግን ደበዘዙ፣ አሁን ደግሞ አረፋ ያዘለ ቡናማ ንፍጥ መጣ። ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ናቸው።

መልስ፦ ዜሮ ማድረግዎ ነው ችግሩ። የብረት ኦክሳይድ ፎስፌት ማስወገጃ በሙሉ መጠን ሲገባ ፎስፌቱን በአንድ ሁለት ቀን ያራቁተዋል፤ ኮራሉ ይራባል፣ ተፎካካሪ አልጌም ይጠፋል። ባዶውን ሜዳ የሚወርሰው ዳይኖፍላጀሌት የተባለ ረቂቅ ሕያው ነገር ነው። ከዳያቶም ለመለየት ንፍጡን ከውሃ ጋር በጠርሙስ ውስጥ በኃይል ይናጡ፣ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያሳልፉና የወጣውን ውሃ ብርሃን ላይ ያቆዩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደገና ከተቋጠረ ዳይኖፍላጀሌት ነው። ማስወገጃውን ያውጡ፣ ስኪመሩን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ያስኪዱ፣ ምግብ ይጨምሩ፤ ንፍጡ እስኪጠፋም ውሃ አይቀይሩ። ናይትሬት 5፣ ፎስፌት 0.05 ሚሊግራም በሊትር ሲደርስ ኮራሎቹ ቀለም መያዝ ይጀምራሉ። ለወደፊቱ ፎስፌት ማስወገጃ ካስፈለገ አምራቹ ከጻፈው ሩቡን ብቻ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ሃመር ኮራሌ ላይ ቡናማ የሚሸት ጄሊ ወጣ፤ ከአንዱ ጭንቅላት ወደ ሌላው ይዛመታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዛሬውኑ ያውጡት። በጥቅሉ የሚጀምረው በተጎዳ ሥጋ ላይ ነው፤ ዓሣ ሲነክሰው፣ ድንጋይ ሲወድቅበት ወይም የፓምፕ ሞገድ ፊት ለፊት ሲመታው። ፓምፖቹን በሙሉ ያጥፉ፣ ጄሊውን በቀጭን ቱቦ እየሳቡ ወደ ባልዲ ያስወግዱ፤ ውሃው ውስጥ እንዳይበተን። ኮራሉን በሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው የታመመውን ጭንቅላት ከግንዱ ላይ በመቁረጫ ይለዩ፣ መሣሪያውንም በየቁራጩ ይጠቡ። ጤነኞቹን ለኮራል በተዘጋጀ የአዮዲን መፍትሔ ውስጥ አምራቹ በጻፈው መጠንና ደቂቃ ያጥቡ፣ በንጹሕ የአኳሪየም ውሃ አለቅልቀው ለስለስ ያለ ሞገድ ባለበት ቦታ ያኑሯቸው። የታጠቡበትን ውሃ ይድፉት እንጂ ወደ አኳሪየሙ አይመልሱት። አጥንት ብቻ የቀረውን ጭንቅላት አይጠብቁ፤ ያውጡት።